ይቺ የመጨረሻዬ ናት

ክራንቹ በጆሮዬ ጥግ አልፎ ግድግዳውን መታ። ሊመታኝ ፈልጎ አይደለም። መሬት ላይ ሊጥለው ነበር፤ አንድ እግሩ በጄሶ ታስሮ ሶፋ ላይ የተጋደመ ልጅ ግን አወራወሩ አይስተካከልለትም። ቀጥሎ «ጠልቼሻለሁ!» አለኝ። ስምንት ዓመቱ ነው። እኔ ታብሌቱን ደረቴ ላይ አቅፌ፣ ሰው ቤት ገብቶ እንደተያዘ ሌባ ቆሜያለሁ። የአራት ዓመቷ እህቱ ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብላ አንዴ እሱን አንዴ እኔን ታያለች።

ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ነበር። ቤት መዋል ከጀመርን 11ኛ ቀናችን።

እዚህ እንዴት እንደደረስን ባጭሩ ልንገራችሁ። ልጄ ከብስክሌት ወድቆ እግሩ ተሰበረ። ሐኪሙ ጄሶ አድርጎለት «ስድስት ሳምንት፤ እግሩን ከፍ አድርጎ ይረፍ፣ እንዳይረግጥበት» ብሎ ሸኘን። ስድስት ሳምንት! ለእኔ ቢሆን ደስ የሚል እረፍት ነው። ሲሮጥ ለሚውል ልጅ ግን እስር ቤት ነው። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ አለቃዬን ለምኜ ከቤት እንድሠራ ተፈቀደልኝ። ትንሿ ደግሞ «እሱ ካልሄደ እኔም አልሄድም» ብላ የመዋዕለ ሕፃናቱ በር ላይ ሁለት ቀን ካለቀሰች በኋላ ተሸነፍን። ባለቤቴ ጠዋት ወጥቶ ማታ ይመለሳል። እንግዲህ ሦስታችን፣ አንድ ሶፋ፣ አንድ ቲቪ፣ አንድ ታብሌት፣ አንድ ላፕቶፕና የእኔ ስልክ።

ታብሌቱ ራሱ የቤት መዋል ልጅ ነው። የገዛነው በኮሮና ጊዜ፣ በፈረንጆቹ 2020 ነው። ያኔ በዓለም ዙሪያ ከ1.5 ቢሊዮን በላይ ተማሪዎች ከትምህርት ገበታ ቀርተው ነበር። የእኔው ገና ድክድክ የሚል ስለነበር የሚቀርበት ትምህርት አልነበረውም፤ እኛ ግን ሥራ ነበረን። «ለጊዜው ነው» ብለን ገዛነው። ለጊዜው የተገዛ ነገር ሲወጣ አይቼ አላውቅም።

የመጀመሪያውን ሳምንት አልቆጥረውም። ልጁ ያመዋል፣ ጄሶው ውስጥ ያሳክከዋል፣ ሌሊት ይነቃል። ያሻውን ይይ ብዬ ተውኩት። በዚህ ዛሬም አልጸጸትም። እያመመው ያለን ልጅ ስለ ስክሪን የሚገስጽ ሰው አንጀት የለውም።

ችግሩ ሕመሙ ሲቀንስ ታብሌቱ አለመቀነሱ ነው።

ሙያዬ ስለሆነ መጀመሪያ ያደረግሁት መመዝገብ ነው። የተሰመረ ደብተር አወጣሁ። ማን፣ ምን፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት። ሦስት ቀን ሙሉ ለማንም ምንም ሳልናገር ብቻ መዘገብኩ። ስደምረው ልጄ በቀን ሰባት ሰዓት ገደማ፣ ትንሿ ሦስት ሰዓት ተኩል ሆነ። ገምቼው ስለነበር አልደነገጥኩም። ወረቀት ላይ ሰፍሮ ሲያፈጥብኝ ግን ትንሽ አፈርኩ።

ከዚያ ሰው የሚለውን ማንበብ ጀመርኩ። የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆቹ 2019 ከአምስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች መመሪያ አውጥቷል። አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ስክሪን ጨርሶ አይመከርም ይላል። ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላለ ልጅ በቀን ከአንድ ሰዓት አይብለጥ፣ ባነሰ ቁጥር ደግሞ የተሻለ ነው። እኔን የገረመኝ ግን ቁጥሩ አይደለም። መመሪያው ስክሪንን ለብቻው አይቆጥርም። እንደ ትንሿ ላለ ልጅ በቀን ቢያንስ ሦስት ሰዓት እንቅስቃሴ፣ ከ10 እስከ 13 ሰዓት እንቅልፍ፣ ከዚያ የስክሪን ገደብ፣ ሁሉም አንድ ላይ ነው የተቀመጡት። ለሒሳብ ሠራተኛ ይህ ወዲያው ይገባል። ቀኑ 24 ሰዓት ነው፤ ለአንዱ ያወጣሽውን ከሌላው ላይ ነው የምትቀንሺው። ትንሿ ሦስት ሰዓት ተኩል ካርቱን አየች ማለት፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ከሆነ ቦታ ጎድሏል። ከየት እንደጎደለ ለማወቅ ደግሞ ማታ አልጋ ላይ ስትዘል ማየት ይበቃል።

የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም ሐሳቡን እየቀያየረ ነው የመጣው። በፈረንጆቹ 1999 ከሁለት ዓመት በታች ያለ ልጅ ቲቪ አይይ አለ። በፈረንጆቹ 2016 ላላ አድርጎት፣ ከ18 ወር በታች ላለ ሕፃን የቪዲዮ ጥሪ ብቻ ይፈቀድ፣ ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ላለው ደህና ደህናውን ፕሮግራም በቀን አንድ ሰዓት አለ። ከስድስት ዓመት በላይስ? እዚያ ላይ በሰዓት የተቆረጠ ነገር የለም። ገደብ አውጡ፣ ዛሬ ፈቅዳችሁ ነገ አትከልክሉ፣ እንቅልፉንና እንቅስቃሴውን አይንካበት ነው የሚለው። ስምንት ዓመት ለሞላው፣ እግሩ ለተሰበረ፣ መንቀሳቀስ ለተከለከለ ልጅማ ማን ቁጥር ይሰጠኛል?

ስለዚህ ራሴ ሰጠሁ። በቀን ሁለት ሰዓት፣ ለአራት ተከፋፍሎ፣ እያንዳንዱ ሠላሳ ደቂቃ። ስልኬ ላይ ደወል ሞላሁ። ደወሉ ሲጮህ ታብሌቱን እወስዳለሁ። ወረቀት ላይ ሲታይ እንዴት ያምራል! በተግባር ግን በቀን አራት ጦርነት ማለት ነበር። ክራንቹ የተወረወረው በሦስተኛው ቀን፣ ሦስተኛው ደወል ላይ ነው።

የዚያን ዕለት ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ደብተሩ ላይ አንድ ዓምድ ጨመርኩ። «እንዴት አለቀ?» የሚል። ከሥሩ ወይ «ሰላም» ወይ «ጸብ» ብቻ ነው የምጽፈው። ያለፉትንም ያስታወስኩትን ያህል ሞላሁ። አምስት ቀን ከሞላሁ በኋላ ቁጭ ብዬ አየሁት። ሒሳብ ላይ አንዳንዴ አንድ ዓምድ ሌላውን ዓምድ ያጋልጠዋል፤ እንደዚያ ሆነ። እሑድ ከአባቱ ጋር ሁለት ሰዓት የፈጀ ፊልም አይቶ፣ ሲያልቅ አዛግቶ «ራበኝ» ብሎ ነው የተነሳው። ሰላም። ማክሰኞ 20 ደቂቃ ጌም ተጫውቶ ቤቱ ተበጠበጠ። ጸብ። ረጅሙ በሰላም ያልቃል፣ አጭሩ በጸብ ያልቃል። ርዝመቱና ጸቡ ጨርሶ አይተዋወቁም።

በማግስቱ ደወሉን አጥፍቼ አጠገቡ ሶፋው ላይ ተቀመጥኩ። «ምንድነው የምትጫወተው? አሳየኝ» አልኩት። በጥርጣሬ አየኝ። አንድ ዙር ሙሉ አብሬው ተቀምጬ ማየቴ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ይህን ስጽፍ እንኳ አፍራለሁ። ጌሙ አራት ለአራት ነው። ስክሪኑ ጥግ ላይ ከ12 ደቂቃ ወደ ዜሮ የምትቆጥር ትንሽ ሰዓት አለች። ላፍታ ማቆሚያ የለውም፤ አንዱ ቢያቆም ሌሎቹ ሰባቱ ምን ይሁኑ? በጆሮ ማዳመጫው የልጆች ድምፅ ይሰማል። አንዱን አወቅሁት፣ ክፍል ውስጥ አብሮት የሚቀመጠው ነው። «እግርህ አሁንም ይሸታል?» እያለ ይስቅበታል። ልጄም ይስቃል። ከወደቀ ወዲህ እንደዚያ ሲስቅ አልሰማሁትም ነበር።

ዙሩ ሲያልቅ ወደ እኔ ዞረ። «አየሽ? አንቺ መሃል ላይ ስትወስጂብኝ እነሱ ሦስት ይቀራሉ። ከዚያ ይሸነፋሉ። ከዚያ እኔን ነው የሚሰድቡት።»

መልስ አጣሁ። ወር ማብቂያ ላይ ሒሳብ እየዘጋሁ፣ አንድ ቁጥር አልመጣ ብሎኝ ስፈልግ፣ አንድ ሰው መጥቶ «ሰዓት አልቋል» ብሎ ላፕቶፔን ቢከድንብኝ ምን እንደማደርግ አሰብኩ። ክራንች ባይኖረኝ ነው።

ደብተሬ ላይ «ጌም» ብዬ የጻፍኩት ሰዓት ግማሹ «ጓደኛ» መባል የነበረበት መሆኑም ያኔ ነው የገባኝ። ቤት የታሰረ ልጅ ከሰው የሚገናኝበት ሌላ መንገድ አልነበረውም።

እሺ፣ መሃል ላይ ሳልነጥቅ «አምስት ደቂቃ ቀረህ» ብለውስ? ሞክሬው ነበር። የባሰ ነው። አምስቱን ደቂቃ በሙሉ ሲነጫነጭ ይጨርሳታል። የእኔ ልጅ ብቻ መስሎኝ ነበር። በኋላ እንዳነበብኩት የዋሺንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በፈረንጆቹ 2016 ትንንሽ ልጆች ያሏቸው ቤተሰቦች ዘንድ ይህንኑ አጥንተዋል። ወላጅ «ሁለት ደቂቃ ቀረህ» ብሎ ሲያስጠነቅቅ ልጁ የሚነሳበት ሰዓት ይበልጥ እንደሚከብድ ነው ያገኙት። በተቃራኒው ፕሮግራሙ ራሱ ሲያልቅ፣ ወይም መሣሪያው ራሱ ሲያቆም፣ ልጆቹ ቶሎ ይቀበሉታል። በእናት ይጣላሉ እንጂ ካለቀ ነገር ጋር ማን ይጣላል?

ልጅ ሆኜ የልጆች ፕሮግራም ያልቅ ነበር። ካለቀ አለቀ ነው። ቀጥሎ ዜና ይገባል፣ ክራባት ያሰረ ሰውዬ ስለማይገባን ነገር ያወራል፣ እኛም ተነስተን እንወጣለን። እናቴ አንድም ቀን ቲቪ ላይ ከእኔ ጋር ተጣልታ አታውቅም። ዜናው ነበር የሚያባርረን። ዛሬ ያ ሰውዬ የለም። አንዱ ካርቱን ሳያልቅ የሚቀጥለው ጥግ ላይ ብቅ ይላል፣ አምስት፣ አራት፣ ሦስት ብሎ ይቆጥርና ራሱ ይጀምራል። ስልክ ላይ ደግሞ ወደ ታች ስንገፋው ማለቂያ የሌለው ገጽ አለ። ያንን የሠራው አዛ ራስኪን የሚባል ሰው ነው፣ በፈረንጆቹ 2006። በኋላ ራሱ በአደባባይ ተጸጽቶበታል። መጨረሻ ሆን ተብሎ እንዳይኖር በተደረገ ነገር ላይ መጨረሻውን የምታመጣው እናት ስትሆን፣ ጸቡም የእናት ይሆናል።

ስለዚህ የእኔ ሥራ መጨረሻ መፈለግ ሆነ።

ስምምነቱን የጻፈው ልጄ ነው። እኔ ሐሳብ አመጣሁ፣ እሱ ተከራከረ፣ እሱው ጻፈ። ስለዚህ ፊደሉ ጠማማ ነው፤ «ስምምነት» ውስጥ አንድ «ም» ጎድሏል። ጌም በደቂቃ መቆጠሩ ቀረና በዙር ሆነ። ጠዋት ሦስት፣ ከሰዓት ሦስት። ሲጀምር ስንት እንደሆነ ጮክ ብሎ ይናገራል። የመጨረሻው ላይ ሲደርስ ለእኔም ለጓደኞቹም «ይቺ የመጨረሻዬ ናት» ይላል። ይህን የጨመረው እሱ ነው። ጓደኞቹ ካወቁ አይቆጡትም። እናቱ ከጠራችው «የእናቱ ልጅ» ይባላል፤ ራሱ ከተናገረ ግን ጀግና ነው። የወንዶች ነገር።

ለትንሿ ካርቱኑ ራሱ እንዳይቀጥል አጠፋሁት። ማስተካከያው ውስጥ ገብቶ አንዲት ቁልፍ መንካት ብቻ ነው፤ ያንን ለማድረግ ይህን ሁሉ ዓመት መጠበቄ ያናድደኛል። ሁለት ክፍል ታያለች፣ ስክሪኑ ይጨልማል፣ እሷ ራሷ ሪሞቱን ይዛ ቀዩን ትጫናለች። መጫኗን ከካርቱኑ በላይ ወዳዋለች። አንድ ቀን ወንድሟ ቀድሟት ቢጫን አሥር ደቂቃ አለቀሰች። ቲቪ ስለጠፋ ሳይሆን እሷ ስላላጠፋችው።

አያታቸው ስትደውል በቪዲዮ የሚያወሩት አይቆጠርም። ይህን ያለ ክርክር አሳለፍነው።

ማታው ግን አከራከረ። ከመኝታ አንድ ሰዓት በፊት ሁሉም ስክሪን ኮሪደር ላይ ወዳለው ቻርጀር ይሄዳል። የስክሪን ብርሃን እንቅልፍ የሚያመጣውን ሜላቶኒን የሚባል ንጥረ ነገር እንደሚያዘገይ የታወቀ ነው። በእኛ ቤት ግን ከብርሃኑ ይልቅ የሚያስቸግረው ሙቀቱ ነው። ሲሸነፍ ሰውነቱ እስኪንቀጠቀጥ ይናደዳል፣ ከዚያ ጨለማ ውስጥ ተጋድሞ ዙሩን ለብቻው ይደግመዋል። «ልክ እዚያ ጋ በግራ ብሄድ ኖሮ…» ይላል ለጣሪያው። ልጁ «ኮሪደር እሺ» ካለ በኋላ እስክሪብቶውን ይዞ ትንሽ አሰበና በመጨረሻው መስመር አንድ ቃል ጨመረ። «እማዬም።»

ፈረምኩ። ምን አማራጭ አለኝ?

ስለ ዓይን አንድ ነገር ጣል ላድርግ። የዓይን ሐኪሞች የሚሉት በየ20 ደቂቃው ለ20 ሰከንድ ያህል ስድስት ሜትር ርቀት ላይ ያለ ነገር ማየት ነው። ስክሪን ላይ ሲያፈጡ ዓይን እርግብግብታው ስለሚቀንስ ይደርቃል። እኛ ደቂቃ አንቆጥርም፤ በዙርና በዙር መሃል በመስኮት ያለውን ዛፍ ያያል። ቅርንጫፉ ላይ ስንት ወፍ እንዳለ ለእህቱ ይነግራታል። አብዛኛውን ጊዜ ይዋሻታል።

አሁን ወደ ከባዱ። ስድስት ዙርና ሁለት ሦስት ካርቱን ካለቀ በኋላ የሚተርፈው ቀን ረጅም ነው። «ደበረኝ።» የመጀመሪያው ቀን ይህን ቃል 14 ጊዜ ሰማሁ። ቆጥሬ ነው፤ ልማድ ነው። በየጊዜው እጄ አንድ ነገር ሊሰጠው ይሮጣል። እንቆቅልሽ ላምጣልህ? መጽሐፍ ላንብብልህ? ሥራዬ ተከምሮ አስተናጋጅ ሆኜ ዋልኩ። በሁለተኛው ቀን ደከመኝና «ይድበርህ» አልኩት። ክፉ አይደለሁም፣ የምሬን ነው፤ ሪፖርት ነበረብኝ።

ግማሽ ሰዓት ያህል ጣሪያ አየ። ትራስ መታ። እህቱን ነካካ፣ ጮኸች፣ ዝም አለች። ከዚያ ጸጥታ ሆነ። እናት የሆነ ሰው ያንን ጸጥታ ያውቀዋል፣ ወይ ጥፋት ነው ወይ ተአምር። ቀስ ብዬ ሄጄ አየሁ። የልብስ መስፊያ ሣጥኔን አስመጥቶ ቁልፎቹን ትሪ ላይ ደርድሯል። 11 ነጭ ቁልፍ በ11 ጥቁር ቁልፍ፣ ኳሷ ዶቃ። በረኛው ትልቁ የካፖርት ቁልፍ ነው። እህቱ ዳኛ ናት፤ በአፏ ፊሽካ ትነፋለች፣ ሕጉን ስለማታውቅ ደስ ባላት ሰዓት ቀይ ካርድ ታወጣለች። እሱ እንደ ራዲዮ ጋዜጠኛ እየጮኸ ያስተላልፋል። ያ ውድድር ጄሶው እስኪፈታ ድረስ ቆየ። ነጥብ የሚይዙት ከደብተሬ ጀርባ ላይ ነው። አንድ ቡድን በዳኛዋ ምክንያት ከውድድሩ ወጥቷል።

እውነቱን ለመናገር ሁሌ እንደዚያ አልሆነም። ግማሽ ሰዓቱ አንድ ሰዓት ተኩል ሆኖ በልቅሶ ያለቀበት ቀን አለ። በድምፅ ብቻ የሚተረኩ ተረቶች ጥሩ መሃከለኛ ሆኑልን፤ ጆሮው እየሰማ እጁ ጄሶው ላይ ይስላል። በአራተኛው ሳምንት ጄሶው ላይ ነጭ ቦታ አልቀረም።

27ኛው ቀን ደግሞ ሁሉም ነገር ፈረሰ። ቀኑን ሙሉ ዘነበ፣ ጄሶው ውስጥ አሳከከው፣ ትንሿ አተኮሳት፣ እኔ ከሥራ የቪዲዮ ስብሰባ ነበረኝ። አምስት ሰዓት አዩ። ደብተሩ ላይ «5 ሰዓት፣ ሰላም» ብዬ ጽፌ ተኛሁ።

ባለቤቴን እንዳልረሳው። እሱ ማታ ኳስ ያያል። ስምምነቱ ሲጻፍ «እኔንማ አትነኩኝም አይደል?» አለ። አልነካነውም። አስቡት፣ 90 ደቂቃ ነው፣ መሃል ላይ እረፍት አለው፣ የሚያልቀውም ዳኛ ፊሽካ ነፍቶ ነው። ከቤታችን ስክሪን ሁሉ ሥርዓት ያለው የእሱ ሆኖ ተገኘ። አንድ ሳምንት ሙሉ ኮራብን።

በመስመሩ መጨረሻ የተጻፍኩት እኔ ነኝ የቀረሁት።

ከሰዓት ላይ ነበር፣ ወጥ ቤት ቆሜ። ስልኬን ያነሳሁት የመጣ መልእክት ላይ። መልእክቱን አንብቤ ጨረስኩ፣ ግን አላስቀመጥኩትም። አውራ ጣቴ ወደ ላይ ገፋ፣ ሌላ ቪዲዮ፣ ገፋ፣ ሌላ። ስንት ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም፤ ይህን ማንም አይመዘግብብኝም ነበር። ዝቅ ብዬ ሳይ ትንሿ እግሬ ሥር ቆማለች። ቀሚሴን አልጎተተችም፣ አልጠራችኝም። እጄን ትክ ብላ ታያለች።

«ምን ፈልገሽ ነው የኔ እናት?»

«ጣትሽ እስኪቆም ነው።»

ስልክ ላይ ያለሁ መሆኔን የምታውቀው በጣቴ ነው። ሲቆም ታወራኛለች። እስኪቆም ትጠብቃለች። ሌላ ጊዜ ስንት ጊዜ ጠብቃ እንደሄደች እንጃ።

ኤድዋርድ ትሮኒክ የሚባል የሥነ ልቦና ሊቅ በፈረንጆቹ 1970ዎቹ የሠራው ሙከራ አለ። እናት ከሕፃን ልጇ ጋር እየተጫወተች ድንገት ፊቷን ጭጭ ታደርጋለች፤ አትስቅም፣ አትመልስም፣ ዝም ብላ ታያለች። ሕፃኑ መጀመሪያ ይስቅላታል። እጁን ይዘረጋል፣ ይጮኻል። አልሆን ሲለው ፊቱን ያዞራል። የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ያን ጊዜ በኪስ የሚያዝ ስልክ የሚባል ነገር አልነበረም። ወጥ ቤት ቆሜ ግን የእኔ ፊት ምን ይመስል እንደነበር መገመት አላቃተኝም።

ልጆቼ ላይ መጨረሻ ስፈልግ የቆየሁት ሴትዮ፣ በቤቱ ውስጥ መጨረሻ የሌለውን ነገር የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ዙር የለው፣ ክፍል የለው፣ ፊሽካ የለው። ያንን ቪዲዮ የሚያሳየኝን አፕ ከስልኬ ላይ አጠፋሁት። በሦስተኛው ቀን መልሼ ጫንኩት። እንደገና አጠፋሁት። አሁን የማየው ላፕቶፕ ላይ ብቻ ነው፤ ላፕቶፕ ላይ ያን ያህል አይጥምም። ለልጆቼ እንዳገኘሁላቸው ዓይነት ንጹሕ መፍትሔ ለራሴ አላገኘሁም። ደብተሩ ላይ ግን በስሜ ዓምድ ተከፈተ። የሚሞላው ልጄ ነው፤ ሶፋው ላይ ሆኖ ሁሉንም ያያል።

ስድስቱ ሳምንት ሰባት ሆኖ ጄሶው ባለፈው ማክሰኞ ተፈታ። እግሩ ከስቶ፣ ቆዳው ተላልጦ፣ የሌላ ልጅ እግር መስሎ ወጣ። ለብስክሌት ገና ነው፤ ቀስ ብሎ እየረገጠ ነው። በሩ ድረስ ሄዶ ሲመለስ ያልበዋል። ትምህርት ቤት በሚቀጥለው ሰኞ ይጀምራል፤ ስምምነቱ ያኔ እንዴት እንደሚሆን ከወዲሁ ክርክር ተነስቷል። ስድስት ዙር ነበር የተፈቀደልኝ፣ ትምህርት ቤት ስለሄድኩ ለምን ይቀንሳል ነው የሚለው። ክርክሩን ከማን እንደወረሰው አውቃለሁ።

ይህን የምጽፈው ማታ ነው። ሁሉም ስክሪን ኮሪደር ላይ ተደርድሯል፣ ከላፕቶፔ በቀር። ቅድም ውኃ ሊጠጣ ተነሳና ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ እያነከሰ መጣ። ቆሞ አየኝ። ደብተሩን ከጠረጴዛው ላይ ወሰደ፣ በእኔ ዓምድ ሥር ጻፈ፣ አስቀመጠው። ከሄደ በኋላ አየሁት። ማን፤ እማዬ። ምን፤ መጻፍ። እንዴት አለቀ? ቦታውን ባዶ ትቶታል።

«አልተኛህም እንዴ?» አልኩት ወደ ኮሪደሩ።

«አንቺስ?»

«ይቺ የመጨረሻዬ ናት» አልኩት።